«ከማን ቤት ነሽ?»

አድሚን፣ ስሜን ደብቀሽ ለጥፊልኝ። እስከዛሬ የሌላውን እያነበብኩ ሳለቅስና ስስቅ ኖርኩ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም። ባለፈው አንዷ እህታችን ስለ ሀብታም አሰሪዎቿ የጻፈችውን ሳነብ የኔዋ ማዳም ትዝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የኔ ታሪክ የድብደባ ወይም የረሃብ ታሪክ አይደለም፣ በዚያ በኩል ፈጣሪ ይመስገን። የአስራ ሁለት ማንኪያ ታሪክ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ቤይሩት የገባሁት በ2006 ዓ.ም ነው። ያኔ ወደ ሊባኖስ ለቤት ሥራ መሄድ ክልክል ስለነበር በሌላ አገር ዞሬ ነው የገባሁት። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። ደሞዜ 150 ዶላር ነበር። መክተብ ሁለት ቀን አድሬ ማዳም መጥታ ወሰደችኝ። ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ ነው የገባው።

ቤቱ ቨርዱን ሰፈር ነው፣ ሰባተኛ ፎቅ። ቤይሩት የኖራችሁ ቨርዱን ስል ይገባችኋል። ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው፣ የሳሎኑ ሶፋ ላስቲኩ እንኳ ገና አልተነሳለትም። ማዳም ራሷም ለሰፈሩ አዲስ ነበረች፣ እኔን የምትቀድመኝ በሶስት ወር ብቻ ነው። ምስተር አቢጃን ነው ያለው። ከደቡብ ሊባኖስ ብዙ ሰው ከጥንት ጀምሮ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እየሄደ ነው የሚነግደው፣ ኮትዲቯር፣ ሴኔጋል፣ ሴራሊዮን። ምስተር እዚያ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ አለው። ማዳም አስራ ሰባት ዓመት አቢጃን ኖራ፣ ልጆቹ ከፍ ሲሉ «አገራቸው ይማሩ» ተብሎ ነው ቤይሩት የገቡት። እንግዲህ አስቡት፣ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ እሷ አፍሪካ የኖረችው እኔ አፍሪካ ከኖርኩት ትንሽ ነው የሚያንሰው። ቨርዱን ውስጥ ግን ይሄን ለማንም አትናገርም። ሲጠይቋት «ውጭ ነበርን» ነው መልሷ። ውጭ ማለት ፓሪስ ይሆናል ብለው እንዲያስቡ ነዋ።

ሊባኖሶች አንድ ጥያቄ አለቻቸው፣ «ሚን ቤት ሚን?» ይላሉ፣ ከማን ቤት ነሽ ማለት ነው። እኛ «የማን ልጅ ናት?» እንደምንለው ነው። የአባትሽን ስም ስትናገሪ መንደርሽን፣ ሃይማኖትሽን፣ አያትሽ ምን ይሸጥ እንደነበር ሁሉ ያውቁታል። ማዳም ይሄን ጥያቄ እንደ ሐኪም መርፌ ነበር የምትፈራው። የአባቷ ቤት ደቡብ ያለ የትምባሆ ገበሬ ቤት ነው። ልጅ ሆና ሌሊት እየተነሳች የትምባሆ ቅጠል በትልቅ መርፌ በክር ስትሰካ ነው ያደገችው። ይሄን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ ማን እንደነገረኝ እመጣበታለሁ።

በዚያ ሕንጻ ሶስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አሉ። የድሮ የቤይሩት ቤተሰብ ናቸው። ብር ብዙም የላቸውም፣ ሶፋቸው የተቀደደ ነው፣ መኪናቸው ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ግን ሕንጻው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ የሚሰበሰቡት እሳቸው ባሉበት ነው። ጠዋት ጠዋት ሱብሂየ የሚሉት የቡና ወሬ አላቸው፣ እንደኛው ቡና ማለት ነው፣ ዕጣኑና ቄጠማው ብቻ ነው የሌለው። ማዳም የምትፈልገው እዚያ ቡና ላይ መጠራት ነበር። ሌላ ምንም አልጎደላትም እኮ! ወርቅ አላት፣ ሾፌር አላት። ሶስተኛ ፎቅ ግን አልጠሯትም። እሷ ስትጠራቸው ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ መልሰው አይጠሯትም።

ለዚህ ያልሞከረችው የለም። የመጀመሪያ ተጠቂዋ እኔ ነበርኩ። ስሜን ለወጠችና «ሶፊ» አለችኝ። ሮዝ ዩኒፎርም በነጭ ሽርጥ ገዛችልኝ፣ እንግዳ ሲመጣ ነጭ ጓንት። ሶስተኛ ፎቅ ያለችው ሠራተኛ ፊሊፒን ናት፣ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ እዚያ አገር ፊሊፒን የቀጠረ ቤት ሀበሻ ከቀጠረው ከፍ ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ማዳም እኔን በፈረንሳይኛ ልታስበልጠኝ ፈለገች። ሳምንት ሙሉ አራት ነገር አስጠናችኝ፦ ቦንዡር ማዳም፣ ሜርሲ ማዳም፣ ዊ ማዳም፣ ቱ ደ ስዊት። በአምስተኛው ጥያቄ ነው ጉዴ የሚፈላው። አንድ ቀን አንዷ እንግዳ አገርሽ ምን ይመስላል ብላ በፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ መሰለኝ፣ እኔ «ቱ ደ ስዊት» ብዬ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ሳቃቸው እስከ ኩሽና ተከተለኝ። የማዳምን ፈረንሳይኛም ከኋላዋ እንደሚያሾፉበት ያወቅኩት በኋላ ነው፣ የአቢጃን ቅላጼ አለው ይላሉ።

ከዚያ አሮጌ ዕቃ መግዛት ጀመረች። ለካ አዲስ ዕቃ ነው የሚያዋርዳት! ባስታ የሚባል የአሮጌ ዕቃ ሰፈር አለ፣ እዚያ ሄዳ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ያረጀ ምንጣፍ ትሸምታለች። አንድ ቀን ቀይ ታርቡሽ ያደረገ ባለ ትልቅ ጢም ሰውዬ በትልቅ ፍሬም ተሠርቶ መጣ። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሞ ስለነበር ሰባት ፎቅ ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳሎን ተሰቀለ። ትንሹ ልጅ «ማነው?» ሲላት «የአባትህ አያት ናቸው» አለችው። ልጁ አየት አደረገና «ታዲያ ለምን ጆሯቸው እንደኛ አይደለም?» አላት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የሳቅኩት።

ማንኪያዎቹም ከባስታ ነው የመጡት። አስራ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ብር የሚባሉ፣ ውስጡ ሰማያዊ ከፋይ በሆነ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ የየራሱ ጎድጓዳ ቦታ አለው። እጀታቸው ላይ ሁለት ፊደል ተቀርጿል። ማዳም «የአያቴ ናቸው» ማለት ጀመረች። የሚወለወሉት በኔ እጅ ነው፣ በየሳምንቱ፣ ጥቁረቱ እስኪለቅ ድረስ። ያን ሁለት ፊደል ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ ማዳም እናት ልንገራችሁ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ከገጠር ይመጣሉ። የወይራ ዘይት፣ ዛእተር፣ ኪሽክ ተሸክመው፣ ነጭ ሻሽ አድርገው። ጣቶቻቸው ከትምባሆው ብዛት ጠቁረው ቀርተዋል፣ በሎሚ ቢታጠቡም አይለቅም። ታዲያ የመጡ ዕለት እንግዳ ካለ ማዳም እናቷን ከኔ ጋር ኩሽና ታስቀምጣቸዋለች። በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። «እናቴ ደክሟታል፣ ተኝታለች» ስትል እዚህ ወዲህ ይሰማናል። አሮጊቷ ምንም አይሉም። ወለሉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ባሚያ ይቆርጡልኛል። ስለ ትምባሆው፣ ስለ መርፌው፣ ማዳም በልጅነቷ መስክ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ስለ ማደሯ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ቢላዋውን አቆሙና «ስምሽ ሶፊ አይደለም አይደል?» አሉኝ። እውነተኛ ስሜን ነገርኳቸው። ሁለት ሶስቴ ደጋገሙት፣ አልሆነላቸውም፣ ግን ሞከሩ። ከዚያ «ሚን ቤት ሚን?» አሉኝ። የአባቴን ስም፣ ሐይቅ አካባቢ እንደተወለድኩ፣ አባቴ የሰው በሬ ይጠብቅ እንደነበር ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ቤት የማን ልጅ ነሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

በ2009 ነው፣ አንድ ጠዋት። ስድስት ሴት ሳሎን ተቀምጧል፣ የሶስተኛ ፎቋ ሴትዮም መጥተዋል። ኬክና ሻይ አቀረብኩ። ሴትዮዋ ማንኪያውን አንስተው አገላበጡ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ አነበቡት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሁለተኛ ሻይ ይዤ ስገባ ሌሎቹ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ያወራሉ፤ ሴትዮዋ ማንኪያዋን በወረቀት ናፕኪን ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ሲያስገቡ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ቀና ስል የማዳም ዓይንም እዚያው ላይ ነው። ሴትዮዋ አዩኝ። አልደነገጡም። ወንበር እንደሚታይ ነው ያዩኝ።

እንዳጋጣሚ አንዷ እንግዳ «ሳጥኑን አሳይኝ፣ የድሮ ሳጥን እወዳለሁ» አለች። ማንኪያዎቹን አጥቤ አድርቄ በየቦታቸው አድርጌ አመጣሁት። ተከፈተ። አንዷ ጎድጓዳ ባዶ ናት። ቤቱ ጸጥ አለ። ያቺው ሴት ወደ ማዳም ዞራ «ሲሪላንኪሽን ጠይቂያታ» አለች። ሠራተኛ ሁሉ እዚያ አገር ስሪላንካ ነው፣ ሀበሻም ብትሆኚ። «እኛ ቤት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ፍራሻቸው ሥር ነው» ብላ ጨመረች።

ማዳም ተነሳች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰከንድ ትናገራለች ብዬ ነበር። ወደ ኔ ክፍል ሄደች፣ ክፍል ከተባለ፣ ከኩሽናው ጀርባ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት ማለት ነው። ሁለቱ ተከትለዋት መጡ። ፍራሼን ገለበጠችው። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። የእናቴ ፎቶ፣ ነጠላዬ፣ ሞዴሴ፣ የላክሁበት የሐዋላ ወረቀት ሁሉ እንግዶቹ እግር ሥር ተበተነ። እኔ በጓንቴ አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ፖሊስ ቢጠሩ ማን ያምነኛል? መታወቂያዬና ፓስፖርቴ በማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ከሳሎን የሶስተኛ ፎቋ ሴትዮ ድምፅ መጣ። «ተዪያት አንቺ፣ ለአንዲት ማንኪያ ብለሽ ልጅቷን አታስጨንቂ» አሉ። ሁሉም ደግነታቸውን አደነቁ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማዳም ኩሽና ገባች። 50 ዶላር ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«አይተሻል» አለችኝ።

«አይቻለሁ ማዳም።»

«እኔ ብናገር ነገ ማንም በሩን አይከፍትልኝም።»

ይቅርታ አላለችኝም፣ ግን አልሄደችም። ቆማ የባሚያ ዘለላ ከሳህኑ እያነሳች በጣቷ ታሻሻለች። እኔም ዝም አልኩ። ብሩን ወሰድኩት። አንዳንዶቻችሁ ኮመንት ላይ «ለምን ወሰድሽ፣ ክብርሽስ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የእናቴ ቤት ክዳን ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሳር ነበር፣ ስለዚህ ወሰድኩ።

በኋላ ከፊሊፒኗ እንደሰማሁት፣ ፊደሎቹ የሴትዮዋ የአባታቸው ቤት ፊደሎች ናቸው አሉ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ማለት በፈረንጅ ከ1975 እስከ 1990 በነበረው፣ ቤታቸው ተዘርፎ ዕቃው ሁሉ የትም ተበትኗል። እንግዲህ የእናታቸው ማንኪያ በአርባ ዓመቱ የሻይ ሳህን ላይ ሲመጣ ምን ይበሉ? በዚህ ካየነው ሌባ ላይባሉ ይችላሉ። እሱን ለናንተ ፍርድ ትቼዋለሁ። የተገለበጠው ግን የኔ ፍራሽ ነው።

በሳምንቱ ማዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ሶስተኛ ፎቅ ተጠራች። ሶስት ጊዜ ልብስ ቀየረች። ስትመለስ ፊቷ በርቷል፣ ሴትዮዋ ክንዷን ይዘው ሊፍት ድረስ ሸኝተዋታል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ከዚያ ቡና አልቀረችም። የታርቡሹን ሰውዬ ግን ከሳሎን አወረደችው፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እናቷም ሲመጡ ያው ኩሽና ነው።

እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለእናቴ እልክ ነበር። እናቴ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ስትሄድ ከበሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው፣ ወጥ ሲደርስ አጥንት ብቻ የሚቀርበት ቦታ። ቆርቆሮው ሲሞላ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ጠሯት። ሶፋ ሲገባ ሌላ እርምጃ። ስደውል «ልጄ፣ እነ እገሌ ቤት እኮ ቁም ሳጥኑ መስታወት አለው» ትለኛለች። አንዴ ጨርሶ በማይሆን ወር የጆሮ ወርቅ ጠየቀችኝ። «ምን ያደርግልሻል?» ብላት «እንደ ሰው ልቁጠር ብዬ ነዋ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ የማዳምን ማንኪያ ወደ መወልወሌ ተመለስኩ።

ቀሪውን ቶሎ ልጨርስላችሁ። ጥቅምት 6 ቀን 2012 መንግሥት በዋትሳፕ ጥሪ ላይ ክፍያ ሊጥል ነው ተባለና ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ባንኮች ተዘጉ፣ ሲከፈቱ ዶላር አንሰጥም አሉ። ምስተር ሃያ ዓመት ያጠራቀመው እዚያ ባንክ ውስጥ ነው። የሶስተኛ ፎቋ ሴትዮ ያላቸውም እዚያው። አንድ ዶላር 1,500 ሊራ የነበረው በዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ በጥቁር ገበያ ከ8,000 አለፈ። የሕንጻው ጄነሬተር ነዳጅ እያጣ ሲቆም ሁሉም በአንድ ጨለማ ደረጃ መውጣት ጀመረ። ሱብሂየው ቀረ። ሴትዮዋ ዕቃ እየሸጡ ነው ተባለ። ኮሮና ደግሞ መጣ። በዚያ ሰሞን ስንት እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እንደተጣሉ ታስታውሳላችሁ። ማዳም እኔን አልጣለችኝም፣ ይሄን ለእውነት ስል እናገራለሁ። ግን የአምስት ወር ደሞዝ አልከፈለችኝም፣ ያኔ 200 ዶላር ደርሼ ነበር።

ኤርፖርት ሲከፈት ምስተር ከአቢጃን ለሁላችንም ትኬት ላከ፣ ለነሱ ወደ አቢጃን፣ ለኔ ወደ አዲስ አበባ። በመጨረሻው ማታ ማዳም ያንን ሰማያዊ ሳጥን አምጥታ እጄ ላይ አደረገች። «ብር ነው፣ ከደሞዝሽ ይበልጣል» አለች። እኔ አልቀበልም አልኩ። «ኤርፖርት ሲያገኙብኝ ሌባ ነው የሚሉኝ፣ ማዳም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወረቀት አንስታ በአረብኛም በፈረንሳይኛም ጻፈች፣ «እነዚህ አስራ አንድ ማንኪያዎች የእሷ ናቸው፣ እኔ ሰጥቻታለሁ»። ስሜን ስትጽፍ እውነተኛውን ከፓስፖርቴ ላይ እያየች በፊደል በፊደል ጻፈችው። ኤርፖርት ላይ አንዱ ፖሊስ ሳጥኑን ከፍቶ ወረቀቱን አንብቦ አሳለፈኝ። አገሬ ገብቼ ሶስት ሳምንት ሳይሞላኝ ሐምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። ለማዳም እናት ነው የደነገጥኩት፣ እሳቸው ግን ገጠር ነበሩ።

ደሴ ወስጄ ለወርቅ ሠሪ አሳየሁት። ፋቀው፣ አሲድ ጠብ አደረገበትና «ውስጡ ሌላ ነው እህቴ፣ ከላይ ብቻ ነው ብር የተነከረው» አለኝ። ያ ሁሉ የድሮ ቤተሰብ! ብቻዬን መንገድ ላይ ሳቄ መጣ። ከዚያ 1,000 ዶላሬ ትዝ አለኝና ሳቁ ቆመ።

እናቴ እንኳን ደህና መጣሽ ለሚሉኝ ቡና አፈላች። አንዲት ትልቅ ሴት መጡ፣ አባታቸው በንጉሡ ጊዜ የአካባቢው ባላባት ነበሩ፣ አባቴ የእነሱን በሬ ነው ይጠብቅ የነበረው። በ1967ቱ አዋጅ መሬታቸው ቢወረስም ወንበራቸው አልተወረሰም፣ እስከዛሬ ሲመጡ ሰው ይነሳል። እኛ ቤት ሲገቡ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነበር። እናቴ ሳትነግረኝ ሳጥኑን አውጥታ ማንኪያዎቹን በየሲኒው ደርድራለች። ሴትዮዋ ስኳራቸውን አማስለው ማንኪያውን አገላበጡና «ይሄ ጽሑፍ ምንድን ነው?» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «የድሮ ዕቃ ነው እትዬ» አለች፣ «የባለቤቴ አያት በጣሊያን ጊዜ ያገኙት ነው።»

እናቴ ወደ ኔ አላየችም። እኔ ጀበናውን አንስቼ ቶናውን ቀዳሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማንኪያዎቹን አጥቤ ቆጠርኳቸው። አስራ አንድ ናቸው።